ጦሩን ማን ነቀለው?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አራት ሰዎች ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። መነሻው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ገጸ ባሕሪ እየተጫወቱ ሌሊቱን በቴሌግራም ተራ በተራ የጻፉት የውጊያ ትዕይንት ነው። አንዱ፣ ባለጦሩ ልበለው፣ ገጸ ባሕሪው ጦር ወርውሮ የሌላውን ጭን ከፊት ወደ ኋላ ሲያዘልቅ በሦስት ረጃጅም አንቀጾች ጽፏል። ፈዋሿን የምትጫወተው ልጅ በአንድ መስመር መለሰች፦ «እጇን ጫነችበት፤ ወርቃማ ብርሃን ፈነጠቀ፤ ተነሥቶ ሰይፉን መዘዘ።»

«ሌሊቱን ሙሉ የደከምኩበትን ጠራርገሽ ጣልሽው» አለ ባለጦሩ።

«አስማት ነዋ! ዘንዶ ሲበር ዝም ብለህ እኔ ስፈውስ የሕክምና ማስረጃ ትጠይቀኛለህ?»

ሦስተኛዋ ነርስ ናት። ስኒዋን አስቀመጠችና «ዘንዶው ይብረር፣ ምን ቸገረኝ። ጦሩስ? ማን ነቀለው?» አለች።

ስልካቸውን አውጥተው ወደ ላይ እየገፉ ፈለጉ። የነቀለው የለም። ሰውየው ጦር ጭኑ ላይ እንደተሰካ ተነሥቶ ሰይፍ መዝዟል። ባለጦሩ ሳይቀር ሳቀ።

ነርሷ ግን አልለቀቀቻቸውም። የተሰካ ነገር በሜዳ ላይ አይነቀልም፤ ጦሩ ራሱ የበሳውን የደም ሥር እንደ ውታፍ ይዞታል። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፎ እንዳይነቃነቅ ማሰር ነው። «ጭን ውስጥ ትልቅ ደም ወሳጅ ቧንቧ ያልፋል። እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የግድ መንቀል ካለባችሁ መጀመሪያ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ በሰፊ ጨርቅና በእንጨት ጠምዝዛችሁ እሰሩት። መጋጠሚያ ላይ አይታሰርም። የታሰረበትን ሰዓትም ያዙ።»

«ብርሃኑ ቁስሉን ዘጋው አልኩ እኮ!»

«ምኑን? ቆዳውን ከላይ ዘግቶ አፈሩንና የሱሪውን ብጣሽ ውስጥ ካስቀረ፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እግሩ አብጦና ግሎ መግል ይቋጥራል። ጥልቅ ቁስል ታጥቦ፣ ከሥሩ ወደ ላይ እየሞላ ነው የሚድነው። ደሙስ? 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። እስከ 750 ሚሊ ሊትር ቢፈሰው ብዙም አይታወቅበትም። ከዚያ እስከ ሊትር ተኩል ድረስ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ ይመታል፤ ይጨነቃል፣ ያልበዋል። ሊትር ተኩል ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ንግግሩ ይምታታል። ብርሃንሽ ቧንቧውን ጠገነ እንበል፤ መሬት ላይ የፈሰሰውን ማን መለሰው? ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም የለገሰ ሰው እንኳ ዳግም ለመስጠት ሦስት ወር ይጠብቃል። ያንቺ ሰው ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ይወድቃል።»

ልጅቷ ግን ቀላል አልነበረችም። «እሺ፣ በአንቺ ሒሳብ ጭኑ የተሰበረ ሰው ሦስት አራት ወር ይተኛ። ማን ነው ተኝቶ የሚጫወተው? ፈዋሽ ያስፈለገችው እኮ ጊዜ ልትቆጥብ ነው!»

እዚህ ላይ ነርሷ ትንሽ ዝም አለች። እውነት ነውና። ቆይታ ግን «ጊዜውን ቆጥቢ፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለዪ» አለች። «የተሰበረ አጥንት ቦታው ሳይመለስ በአስማት ብታጣብቂው ጠማማ ሆኖ ይገጥማል፤ ከዚያ እንደገና መስበር ነው። ወጌሻ ስቦ ይመልሰው፣ አንቺ አጣብቂው። ወጌሻውም ቢሆን በቀርከሃ ሲያስር ካጠበቀው ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ፤ በዚህ ሰበብ እግር ሲቆረጥ በየሆስፒታሉ እናያለን። ይኸውልሽ፣ ለሌላ ሰው ገጸ ባሕሪ የሚሆን ሥራ።»

አራተኛው እስካሁን የዓሣ ጥብሱን እየፈለፈለ ነበር። የተወጋው ሰው የሱ ገጸ ባሕሪ ነው። «እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?» አለ። «አንዱ ወጋኝ፣ አንዷ አዳነችኝ፤ እኔ አንድ ቃል አልጻፍኩም። በዳይስ ብንጫወት ይገባኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው የገጸ ባሕሪ ጨዋታ ጉዳትን በነጥብ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2014 እትሙ ቁስል የሚፈውሰው አስማት በመጀመሪያ ደረጃው ባለ8 ገጽ ዳይስ አንዴ ተጥሎ፣ የፈዋሹ ችሎታ ተደምሮበት ነጥብ ይመልሳል፤ ረጅም እረፍት ካደረጉ ደግሞ የጎደለው ነጥብ ሁሉ ይሞላል። መጽሐፉ ግን ነጥቡ የሰውነት ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ጽናትም ዕድልም አለበት። እኛ ዳይስ የለንም። የጻፋችሁት ነጥብ ሳይሆን ሥጋ ነው፤ ሥጋውም የኔ ነው።»

እዚህ ላይ ክርክሩ ከሕክምና ወጣ፤ እኔም የምፈርደው ከዚሁ ተነሥቼ ነው። ትልቁ ጥፋት የባለጦሩ ነው፣ ምንም እንኳ አቤት ባዩ እሱ ቢሆን። ወርዋሪ የሚጽፈው ውርወራውን ነው፤ «ጦሩ ወደ ጭኑ ተምዘገዘገ» ብሎ ይቆማል። ሳተው፣ ቧጠጠው ወይም ዘለቀው የሚለው የባለጭኑ ድርሻ ነው። ፈዋሿም «ብርሃኑን ወደ ቁስሉ ላከች» ብትል መብቷ ነው፤ «ተነሥቶ» ስትል ግን የሰው እግር አዘዘች። አስማቱ ምን እንደሚዘጋ፣ ምን እንደማይመልስ፣ ፈዋሿን ምን እንደሚያስከፍላትና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ውጊያው ሳይጀመር በቅንፍ፣ ማለትም ከታሪኩ ወጥቶ፣ ተነጋግሮ መጨረስ ነበር። ውጊያው ከተጋጋለ በኋላ የሚወጣ ደንብ ሁልጊዜ ለአንዱ ያደላል።

ነርሷ በነገሩ ሁሉ ልክ ናት። ሚሊ ሊትሯን ግን ትዕይንቱ ውስጥ ማየት አልፈልግም፤ የቆሰለ ሰው ደሙን አይሰፍርም። የጓደኛውን ስም ያሳስታል፣ በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ውሃ ይላል። ሊትሩን ለደራሲው እንጂ ለአንባቢው አልፈልገውም። የወጌሻው ሐሳብ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጣመኝ፤ ፈዋሽ ብቻዋን ሁሉን ከጨረሰች ሌሎቹ ምን ይሠራሉ?

ማታውኑ ደግመው ጻፉት። ጭኑን ማሰሩ፣ ጦሩን መንቀሉና ቁስሉን ማጠቡ ብቻ አምስት ተራ ፈጀ። «እጇን ጫነችበት፤ ወርቃማ ብርሃን ፈነጠቀ» የሚለው እንዳለ ቀረ። የተሰረዘው «ተነሥቶ ሰይፉን መዘዘ» ነው። በቦታው ባለጭኑ ራሱ «ለመነሣት ሞከረ» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም «ውሃ»።