ጀበናው የት ይቀመጣል?

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ፣ እምዬ ግቢ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነበር። የተጠራነው ስለ እምዬ ቤት ለመመካከር ነው። እምዬ የምንላት አያታችንን ነው። አጎቴ ከአዲስ አበባ ፕላን አሠርቶ መጥቷል። አሮጌው ቤት ፈርሶ ጂ ፕላስ 3 ይሠራል። ምድሩ ሱቅ፣ ላይኛው ለኪራይ። ለእምዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው አንድ ንጹሕ ክፍል ተመድቦላታል። አጎቴ ይህን ያሰበው ስለሚወዳት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል። እሷ ደግሞ 80 ካለፋት ቆየ።

እምዬ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ጀበናው የት ይቀመጣል?»

የመለሰላት የለም። ወሬ ቀየርን። እኔን ግን ጥያቄው እስካሁን አልለቀቀኝም። የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚህ አላወጣውም ነበር። ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ ስንት ቤተሰብ ይህንኑ እየተመካከረ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

የእምዬ ግቢ ሰፊ የሚባል አይደለም። አንድ ሎሚ፣ ከጓሮ ማድቤት፣ በአንድ በኩል አራት ሰርቪስ ክፍሎች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ክፍሎቹን የሚከራዩት ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ከለጋምቦ፣ ከተንታ፣ ከኩታበር የመጡ። አንዱን ክፍል ለሦስት ለአራት ይይዙታል። ለብዙዎቹ ከእናታቸው ቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሺፍት ጨርሰው ሲገቡ እምዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታገኛቸዋለች። «አርሒቡ!» ትላለች፤ ኑ፣ አብረን እንቅመስ ማለቷ ነው። ማንም ዝም ብሎ አያልፍም።

አንዷን አስታውሳለሁ። ከመጣች ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው። በሯን ዘግታ ታለቅሳለች። እምዬ ሄዳ አላንኳኳችም። ረከቦቱን አንስታ ከልጅቷ በር ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ከሰሉን አያያዘች፣ ቡናውን ቆላች። ሽታው ወደ ውስጥ ሲገባ በሩ ገርበብ አለ። «ነይ ልጄ፣ በሞቴ አቦሉን ብቻ» አለቻት። ልጅቷ ለአቦል ወጥታ እስከ በረካ ቆየች። መጨረሻ ላይ እምዬ እጇን ዘርግታ መረቀች። «ከአገር በሰላም ያመጣሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።» ግማሾቹ «አሚን»፣ ግማሾቹ «አሜን» አሉ።

በኋላ ይህችው ልጅ አንድ ሌሊት ሆዷን ታመመች። ባጃጅ አስጠርታ ሐኪም ቤት የወሰደቻት እምዬ ናት። ከወር በኋላ የልጅቷ እናት አንድ ዶሮ ይዘው ከለጋምቦ መጡ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። ተቃቅፈው ሲላቀሱ አይቻለሁ።

ስለ በዓል ደግሞ ልንገራችሁ። የእምዬ ታናሽ እህት ክርስቲያን ናት፣ ደሴ ነው የምትኖረው። ወሎን ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አረፋ ሲደርስ እምዬ ግቢ ሁለት በግ ይታረዳል። አንዱን የሰፈሩ ሼህ፣ ሌላውን የእህቷ ልጅ ያርዳል። ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት፣ ቢላው ሁለት። የክርስቲያኖቹ ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ጨርቁ ሲነትብ አዲስ የምታስረው እምዬ ራሷ ናት፤ ለሌላ ሰው አትተወውም። ለፋሲካ እኛ በተራችን ሀረጎን ወጥተን ደሴ እንገባለን። እህቷ ለእኛ የሚሆነውን በሙስሊም እጅ አሳርዳ ትጠብቀናለች። በኮምቦልቻ ልብስ ሄደን የደሴ ብርድ ሲያንዘፈዝፈን ጋቢ የምታወጣልንም እሷ ናት።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። ያን ጊዜ ግቢው አንድ ማእድ ሆነ። እምዬ የምስር ሳምቡሳና የአጃ ሾርባ ትሠራለች። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሙስሊሞቹ በተምር ያፈጥራሉ። ክርስቲያኖቹም ከፋብሪካ ገብተው እዚያው ትሪ ላይ ይቀመጣሉ። ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ሁሉም ይበላዋል። እንደዚያ ወር ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ድስት ሁለት ቦታ ጉልቻ ይፈልጋል። ጉልቻ ደግሞ መሬት ይፈልጋል። በግ ደረጃ አይወጣም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠች ሴት በር ላይ ሆና «አርሒቡ» ልትል አትችልም። ልጆቹ ከታች ገብተው ከታች ይወጣሉ። የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ ድስትና አግዳሚ ሳይቀር የሚቀመጠው እምዬ ጋ ነው። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ መጀመሪያ የሚመጣው ወደዚያ ግቢ ነው። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ ሕዝቡ ሲፈናቀልም 11 ሰው ያደረው እዚያው ነው። ግማሾቹ ቤት ውስጥ፣ ግማሾቹ ሎሚው ሥር ሸራ ተወጥሮላቸው።

ቤቱ አይነካ አልልም። የማድቤቱ ጭስ ዓይኗን ጎድቶታል። ሌሊት ጭቃውን አቋርጣ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ልቤ ይሰቀላል። ከተማዋም ማደጓ አይቀርም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደርግ ዘመን ሲተከል አድጋለች፣ አሁንም በደረቅ ወደቡና በፓርኩ እያደገች ነው። ቤት የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ነው። ፎቅ ይሠራ።

የምለው ሌላ ነው። ፎቅ ስንሠራ ምድሩን በሙሉ ለሱቅ አንስጥ። ለአያቶቻችን ክፍል ስናስብ አልጋና መታጠቢያ ቤት አስበን ብቻ አንለፍ። እነዚህ ሴቶች ሥራ አላቸው። ደመወዝ የሌለው፣ ማንም ያልቀጠራቸው ሥራ። ለፋብሪካው ልጆች እናት፣ ለሰፈሩ አስታራቂ፣ ለበዓሉ አዛዥ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስናወጣቸው እያሳረፍናቸው ይመስለናል። ከሥራቸው እያባረርናቸው ነው።

ኮንዶሚኒየሞቹም ላይ የምለው አለኝ። ኮሙናል የሚባለው የጋራ ቤት ለእርድ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለድግስ ታስቦ የሚሠራ ነው። እኔ ያየኋቸው ግን ወይ መጋዘን ሆነዋል፣ ወይ ተቆልፈዋል። የሕንፃ ኮሚቴዎች ቁልፉን ለሴቶቹ ቢሰጡ ምን ይጎድላል? ዕጣ ሲወጣም አቅመ ደካማ ለሆኑ አዛውንቶች የምድር ቤቱ መሰጠቱ ክርክር ሊያስነሳ አይገባም።

እኛ ቤት ነገሩ ገና አላለቀም። አጎቴን ደጋግሜ ደወልኩለት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ «የሁለት ሱቅ ኪራይ ቀልድ መሰለሽ?» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ባለፈው ሳምንት ራሱ ደውሎ ከጀርባ በኩል ምን ያህል ቦታ ቢቀር እንደሚበቃት ጠየቀኝ። እኔም ሄጄ እምዬን ጠየቅኋት። ተነሥታ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታች። ከሎሚው እስከ ማድቤቱ ግድግዳ አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን ለካን። እሷ ባለችበት በኩል ገመዱ ላይ ቋጠሮ አሰረችበት። «ይህን ስጪው» አለችኝ። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።