«ፀጥ ያለ ሰፈር ነው!»

ለደላላው የነገርኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ኪራዩ ከደሞዜ ጋር አይጣላ፤ ቤቱ ፀጥ ያለ ይሁን። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ሁለቱም አንድ ላይ?» አለ። ወዲያው ስልኩን አወጣ፣ አንድ ሁለት ቦታ ደወለ። «አለ!» አለኝ። ደላላ መቼም የለም አይልም።

የመጀመሪያው ጀሞ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ ስቱዲዮ። ደላላው ገና በሩን ሲከፍት ድምፁን ከፍ አደረገ። «ውሃ አይጠፋም! ጎረቤቱ ጨዋ ነው! ፀሐይ ይገባል!» ጎን ለጎን ቆመን ለምን እንደሚጮህብኝ አልገባኝም። ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል ገባኝ። ከታች ብየዳ ቤት አለ። ግሪንደሩ ትንፋሽ አይወስድም።

«እሱ እኮ ማታ ይዘጋል» አለኝ።

ስንወጣ ጥበቃውን ጠየቅኳቸው። እውነት ነው፣ ማታ ይዘጋል። እሱ ሲዘጋ ጎኑ ያለው ግሮሰሪ ይከፍታል።

ሁለተኛው ኮተቤ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት። «አከራይዋ ብቻቸውን ናቸው፣ ፀጥታ ነው የሚወዱት» ተብያለሁ። እትዬ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ጠበቁን። እኔ ቤቱን ሳላይ እሳቸው እኔን አዩኝ።

«ላጤ ነህ?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዳ ታበዛለህ?»

«ኧረ የለኝም።»

«ስልክ ስታወራ ትጮሃለህ? ያለፈው ልጅ ሲስቅ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ጩኸት አልችልም ልጄ።»

ይህን ሲሉኝ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ውሾች በሰንሰለት ታስረው ይጮሃሉ። አንድ አውራ ዶሮ ሰዓቱ ጠፍቶበታል። ከሳሎን ተከታታይ ድራማ ይለቀሳል፤ ሪሞቱ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ከበሩ ውጪ ደግሞ ቆራሌው አለ። ያን ቀን አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ፀጥታው ከቤቱ ጋር አይከራይም፤ ተከራዩ ይዞት ነው የሚመጣው።

ቢሆንም ዋጋው አጓጓኝና እሺ አልኩ። እትዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ።

አንብቤ ነበርና አላስቻለኝም። «እትዬ፣ የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይቻልም ይላል» አልኩ፤ ውሻው እንዳይውጠው ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ።

እትዬ ደላላውን አዩት። ደላላው መሬት መሬቱን አየ።

«ልጁ ፀጥ ያለ ነው አላልከኝም?»

ሦስተኛው ኮዬ ፈጬ ነው። ታክሲው ሩቅ፣ ፎቁ አራተኛ፣ ውሃው በጀሪካን። ሕንፃው ውስጥ ሰው የገባበት ሦስት ቤት ብቻ ነው። ኪራዩም ከደሞዜ ጋር ይነጋገራል። የመጀመሪያ ቀን ማታ ፀጥታው ራሱ ጆሮዬን በላው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሬዲዮ ከፍቼ ተኛሁ።

አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። ኮንዶሚኒየም ለባለዕጣው ሲሰጥ አልቆ አይደለም። ሴራሚኩን፣ ቀለሙን፣ ኪችን ካቢኔቱን እያንዳንዱ በራሱ ነው የሚጨርሰው። ሁሉም በአንድ ወር ቢጨርሱ ኖሮ ጥርሴን ነክሼ አሳልፈው ነበር። ብር የሚያገኙት ግን በየተራ ነው። መስከረም ላይ የላይኛው ሰውዬ እቁብ ደረሰውና መታጠቢያ ቤቱን ማፍረስ ጀመረ። እሱ ሲጨርስ የታችኛዋ ሴትዮ ወንድም ከዱባይ ብር ላከላቸው። አሁን ጎረቤት ሰርግ ሲጠራኝ እንኳን እንደዚህ አልደነግጥም፤ እቁብ የደረሰው ሰው ስሰማ ግን ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድሪሉ ትራሴ ሥር የገባ መሰለኝ። ተናድጄ ደላላው ጋ ደወልኩ።

«ፀጥ ያለ ነው አላልክም ወይ?»

«ሃሎ? አይሰማም! የት ነህ?»

«ቤት ነኝ!»

«ምን?»

«ቤት! ቤት!»

«ቤት? አለ!» አለኝ። «ፀጥ ያለ!»