ፍሪስኪንግ ከዳኛ ሸሽቶ የመጣ ስፖርት ነው

አንድ ስም ያለው የፍሪስኪ ተወዳዳሪ "ከአሁን በኋላ ውድድር በቃኝ፣ ተራራ ላይ ፊልም ነው የምሠራው" ሲል ወሬው ወዲያው ይጀምራል። ጉዳት አለበት ይባላል። አይ፣ ወጣቶቹ በልጠውት ነው የሚልም አይጠፋም። ባጭሩ ሰውዬው ጡረታ ወጥቷል ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ይሄ ሰው ስፖርቱን ተወ ሳይሆን ወደ ስፖርቱ ተመለሰ ባይ ነኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ፍሪስኪንግ ማለት ስኪ፣ ማለትም በየእግሩ የሚታሰር ረጅም መንሸራተቻ፣ አድርጎ በበረዶ ላይ መዝለል፣ አየር ላይ መሽከርከር፣ በብረት ሐዲድ ላይ መንሸራተት፣ ሲያሰኝም ማንም ባልነካው ተራራ በራስ መንገድ መውረድ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ስኪ ሌላ ነው። ያኛው ሳንባ ይጠይቃል፤ ይሄኛው ትንሽ እብደት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ሞጉል የሚባል ውድድር አለ፤ ጉብታ በበዛበት ቁልቁለት መውረድና መሃል ላይ እየዘለሉ ማለፍ ነው። ያኔ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ በዝላዩ ላይ መገልበጥን አይፈቅድም ነበር። በዚያው ተራራ ላይ ደግሞ ሁለት እግራቸውን በአንድ ሰሌዳ ላይ አስረው የሚንሸራተቱት የስኖውቦርድ ልጆች እንዳሻቸው ይገለባበጣሉ። ይሄ ያንገበገባቸው ካናዳውያን፣ ማይክ ዳግላስ፣ ጄፒ ኦክሌርና ጓደኞቻቸው፣ ደንቡን ትተው ወደ ስኖውቦርዱ ሜዳ ገቡ። እዚያ ግን ስኪው ራሱ አስቸገረ። የድሮ ስኪ ከኋላው ጠፍጣፋ ስለነበር ወደ ኋላ ዞረው ሲያርፉበት በረዶው ውስጥ ይሰነቀራል። ስለዚህ ኋላውም እንደ ፊቱ ወደ ላይ የታጠፈ ስኪ ይሠራልን አሉ። ሳሎሞን እሺ አለና በ1998 ቴን ኤይቲ የተባለው ስኪ ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ከዚያች የታጠፈች ጫፍ ነው የተነሳው።

ከዚያማ ዳኛው ተከትሏቸው መጣ። በ2014 ሶቺ ላይ ሁለት የፍሪስኪ ውድድሮች ኦሊምፒክ ገቡ፣ በ2022 ቤጂንግ ላይ ሦስተኛ ተጨመረ። ይሄን በጅምላ መኮነን አልፈልግም። ካናዳዊቷ ሣራ በርክ ሴቶች በዚህ ስፖርት እኩል ቦታ እንዲያገኙ፣ ኦሊምፒክም እንዲገባ ስትሟገት ኖራ፣ ሶቺን ሳታይ በ2012 ልምምድ ላይ በደረሰባት አደጋ ሞታለች። እሷ ያስከፈተችውን በር ማንቋሸሽ ነውር ነው። ለቻይና የምትወዳደረው ኢሊን ጉም ቤጂንግ ላይ በመጨረሻ ዝላይዋ፣ በውድድር ሞክራው የማታውቀውን 1620 ዲግሪ፣ ማለትም አራት ዙር ተኩል፣ ዞራ ወርቅ ስትወስድ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት።

ቅሬታዬ ከቁጥሩ ጋር ነው። ዳኛ ሲቀመጥ የሚቆጠር ነገር ይፈለጋል፣ የሚቆጠረው ደግሞ ዙር ነው። ሠርግ ላይ እስክስታ የሚወርድን ሰው ትከሻው ስንቴ እንደተንቀጠቀጠ ቆጥሮ ነጥብ እንደ መስጠት ነው። ስታይል የሚባለው ነገር ነጥብ የለውም ባይባልም፣ ከአንድ ተጨማሪ ዙር ጋር ሲወዳደር ይሸነፋል።

ኦክሌር ከዳኛ ውጭ ምን እንደሚቻል አሳይቷል። በ2011 በወጣ አንድ ፊልም ውስጥ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትንንሽ ከተሞች ይወርዳል። ተራራ የለም፣ ሜዳ የለም። የሰው ሰፈር ነው። ደረጃውን ይወርዳል፣ በቤቶች መሃል ሹልክ ይላል፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል። የዙር ብዛት ብትቆጥሩ ኦሊምፒክ ማጣሪያ የሚያሳልፍ አይደለም። እኔ ግን ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው። ቀጥሎ ወዴት ይሄድ ይሆን እያልክ ነው የምታየው።

ፈረንሳዊው ካንዲድ ቶቬክስም አለ። በ2007 ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ። ተነስቶ በ2010 ባልተነካ ተራራ ላይ የሚደረገውን ውድድር፣ የፍሪራይድ ወርልድ ቱርን፣ አሸነፈ። ከዚያ ውድድሩን ተወውና ራሱ ላይ ካሜራ አስሮ የሠራቸው ቪዲዮዎች ሚሊዮኖች ጋ ደረሱ። ለአውዲ መኪና ማስታወቂያ ብሎ በረዶ በሌለበት ሣር ላይ ሁሉ ተንሸራቷል።

እዚህ ጋ ግን ማስመሰል አያስፈልግም። ዳኛው ሲሄድ ደንበኛው ነው የመጣው። ስፖንሰሩ እይታ ይፈልጋል፣ ካሜራው በየዓመቱ ከአምናው የባሰ ነገር ይጠብቃል። ደግሞም ቶቬክስ እንዲያ መሆን የቻለው መጀመሪያ በውድድር ስም ስላወጣ ነው። ስም የሌለው የ17 ዓመት ልጅ "እኔ ነጥብ አልፈልግም" ቢል ስኪ የሚሰጠው የለም። ስኪ የሚሸጡ ኩባንያዎችን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያቸው በሙሉ ስለ ነፃነት ነው፣ ውል ሲፈራረሙ ግን የሚያዩት የውጤት ዝርዝር ነው።

ተራራውም አይምርም። ስመ ጥሩው ስኪተኛ ሼን ማኮንኪ በ2009 ጣሊያን ውስጥ ዶሎማይትስ ተራሮች ላይ ሞተ። ኦክሌር ራሱ በ2014 ደቡብ አሜሪካ፣ ፓታጎንያ ውስጥ ከስዊድናዊው ስኪተኛ አንድሪያስ ፍራንሰን ጋር በበረዶ ናዳ ሞተ። እዚያ ከመውረጃው ግርጌ የሚጠብቅ አምቡላንስ የለም። ከውድድር ውጭ ያለው ሕይወት የእፎይታ ኑሮ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

ስዊድናዊው ሄንሪክ ሃርላውት ምረጥ ሲሉት ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል። የአደገኛ ስፖርቶች ትልቅ ውድድር በሆነው በኤክስ ጌምስ ወርቅ ደጋግሞ ወስዷል። ጎን ለጎን ፊልም ይሠራል፣ ከጓደኛው ፊል ካሳቦን ጋርም ፈረንሳይ ሌዛርክ ላይ ራሳቸው እንደሚወዱት ያሰናዱት ዝግጅት ነበራቸው። ሶቺ ላይ በዚያ ሰፊ ሱሪው ሲወርድ ሱሪው ወልቆ ጉልበቱ ጋ ደረሰ፣ እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። በመጨረሻ 6ኛ ወጣ። ስለዚያ ኦሊምፒክ ሲወራ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። 5ኛ ማን እንደወጣ ሳይጎግል የሚነግረኝ ካለ ቡና በእኔ ነው።