አስተርጓሚዋ ማን ናት?

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የት ቤተክርስቲያን ነው የምትሄጂው?»

በስልክ ነው። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ አስተረጉማለሁ። እሱ እንግሊዝ አገር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ፊት ተቀምጧል። ዕድሜውን እንኳን ገና አልጠየቀችውም። ማንነቱን የሚጠቁም ነገር አልጽፍም፣ ጥያቄው ግን የእሱ ብቻ አይደለም። አንዱ «ድምፅሽን የማውቀው መሰለኝ» ይላል። ሌላው አማርኛዬን እንደሰማ «ይቅርብኝ» ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ይቀጥላል።

ሰውየው የመጣው ለኤችአይቪ ምርመራ ነው። ፍቅረኛው ወንድ ነው።

እዚህ ጋ ወደ ኃጢአትና ጽድቅ ክርክር የሚሮጥ አንባቢ ካለ፣ እሱን ሌላ ቀን እናድርገው። የዛሬው ጉዳዬ ስለ ምርመራና ስለ አንዲት ክኒን ነው።

ይሄ አገር በዚህ ሥራ የተካነው በመንግሥት ብልህነት አይደለም፤ ጓደኛ በሞተባቸው ሰዎች ነው። ቴሪ ሂጊንስ ቀን ቀን ፓርላማ ውስጥ የሚደረገውን ንግግር የሚመዘግብ ሠራተኛ ነበር፣ ማታ ደግሞ ሄቨን የሚባል የምሽት ክለብ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) በ37 ዓመቱ ከፓርላማው ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ ባለው በሴንት ቶማስ ሆስፒታል በኤድስ ሞተ። ፍቅረኛውና ጓደኞቹ በስሙ ድርጅት አቋቋሙ። በስሙ! እኛ ለቅሶ ቤት «ሳንባ ነው፣ ሳንባ ነው» እየተባባልን ስንት ሰው እንደቀበርን ሳስብ፣ የሟቹን ስም በር ላይ መለጠፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ይገባኛል። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥም የጌይ ወንዶች የጤና ማኅበር ሲቋቋም፣ የመጀመሪያው የምክር መስመር አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤት የተቀመጠ መልእክት መቀበያ ስልክ ነበር። በመጀመሪያዋ ሌሊት ብቻ ከ100 በላይ ሰው ደወለ።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የግሬግ ኦወን ነገር ነው። ኦወን ሎንዶን ውስጥ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ነበር፤ ቋሚ ቤት እንኳን ስላልነበረው ከወዳጅ ቤት ወዳጅ ቤት ያድር ነበር። ኤችአይቪ እንዳይዝ ቀድሞ የሚወሰድ ፕሬፕ የሚባል ክኒን አለ። በ2015 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ክኒኑ በቫይረሱ የመያዝ ዕድልን በ86 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ኦወን ክኒኑን በወዳጅ በኩል አገኘ። ከመጀመሩ በፊት መመርመር ነበረበትና ሲመረመር ቫይረሱ ቀድሞታል። ይህን ተደብቆ አላለቀሰበትም፣ ፌስቡክ ላይ በግልጽ ጻፈው። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ጓደኛው ጋር ክኒኑን ከውጭ በርካሽ በሕጋዊ መንገድ እንዴት ማስመጣት እንደሚቻል የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፈተ። ለራሱ የማይጠቅመውን ነገር ማለት ነው።

የመንግሥት ጤና አገልግሎት በበኩሉ በ2016 «መከላከል የእኛ ሥራ አይደለም፣ የአካባቢ አስተዳደሮች ነው» አለ። ኳሷን ወደ ወረዳ መወርወር የእኛ ቢሮዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ናሽናል ኤድስ ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ፍርድ ቤት ገተረውና ረታው፤ ይግባኝም ተብሎ ረታው። እንዲያም ሆኖ ክኒኑ እንግሊዝ ውስጥ እንደማንኛውም አገልግሎት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2020 ነው። ነገር ግን ቢሮው ሲያንገራግር ሰዉ አልጠበቀም። በ2015 ቫይረሱ በአዲስ የተገኘባቸው ጌይና ባይሴክሹዋል (ወንድም ሴትም የሚወዱ) ወንዶች 3,570 ገደማ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት 2,810 ሆኑ። ሁሉም የድረ ገጹ ሥራ ነው እያልኩ አይደለም፤ ክሊኒኮች ምርመራ አብዝተዋል፣ ቫይረሱ የተገኘበትም ቶሎ መድኃኒት ይጀምራል። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው ደግሞ በግንኙነት አያስተላልፍም። 782 የወንድ ጥንዶችን የተከታተለና በ2019 የታተመ ጥናት ከእንዲህ ዓይነት ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኘም።

ታዲያ ቁጥሩ ከሁሉ በላይ የወረደው ሎንዶን የሚኖሩ ነጮች ላይ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ወሬው የተዛመተው በመጠጥ ቤት፣ በጓደኛ፣ በእንግሊዝኛ ነዋ! የኛ ልጅ እዚያ የለም። አገር ቤት የተማርነው ስለ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ ስለመወሰንና ስለ ኮንዶም ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ሁልጊዜ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። የወንድ ለወንድ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣ ነገር ስለሆነ ሌላ ሥዕል የሚስልም አልነበረም። እዚህ ሲመጣ ደግሞ የጥገኝነት ወረቀቱን እየጠበቀ «ውጤቴን ለኢሚግሬሽን ይሰጡብኛል» ብሎ ይፈራል። የኤችአይቪ ሕክምና እንግሊዝ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ወረቀት ላለውም ለሌለውም ነፃ መሆኑን የነገረው የለም።

ድርጅቶቹ አልሞከሩም አልልም። የአማርኛ በራሪ ወረቀት እጄ ገብቶ ያውቃል። ፕሬፕን «ቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ» ይለዋል። እኔ አስተርጓሚዋ ራሴ ሁለቴ አነበብኩት። ያን ቀን ነርሷ ስለ ፕሬፕ አውርታ እኔም ቃል በቃል ሳስተረጉም፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቆየና «ክኒኗን ነው የምትይኝ?» አለ። በቃ፣ ክኒኗ። በራሪውን ከማተማቸው በፊት እንዲህ ያለ ሰው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ቀጠሮ ሲይዙስ «የአገርህ ሰው ያስተርጉምልህ ወይስ ሌላ መንገድ እንፈልግ?» ማለት ገንዘብ አያስወጣም።

ወደ ቤተክርስቲያኑ ልመለስ። በሥራዬ ደንብ ስለ ራሴ ምንም መናገር አልችልም። የተባለውን ሁሉ ማስተርጎም ደግሞ ግዴታዬ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንዳለ ለነርሷ ነገርኳት። ግራ ገባት። «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» አለችኝ፤ ያንንም መልሼ ለእሱ አስተረጎምኩ። ሲስቅ ሰማሁት፣ ደስ ብሎት ግን አይመስለኝም። ከዚያ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው።

ትንሽ አሰበ።

«ሌላውም ያው አበሻ ነው» አለ። «ጣቴን ትውጋኝ በያት።»