ሶሻል በቤታችን የለም

11ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ናቹራል ወይስ ሶሻል፣ ማለትም የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ? ሌላ ቦታ ቢሆን ለዚህ ጥያቄ አማካሪ ይቀጠራል፣ የልጁ ዝንባሌ ይጠናል፣ ብዙ ወረቀት ይባክናል። እኛ ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጎት አለን።

የኛ አጎት ደመወዝ አይጠይቅም። ቀጠሮ አያስይዝም። ልጁን ማወቅም አይጠበቅበትም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ብቅ ይላል፣ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ የልጁን መንገድ ይቆርጥለታል። «ናቹራል ነው እንጂ! ይሄ ምን ጥያቄ አለው?» እውነትም ጥያቄ የለውም። ጥያቄ ቢኖረው ኖሮ ልጁ ይጠየቅ ነበር።

ለነገሩ አጎት የሚያጸድቀው አስቀድሞ ያለቀ ነገር ነው። የቤታችን ሕፃን ጥርስ ሳያበቅል «የኔ ዶክተር» ተብሏል። ሪሞት ፈትቶ የበተነው ደግሞ ኢንጂነር ነው። ሪሞቱ እስከ ዛሬ አልተገጠመም፤ ቴሌቪዥኑን የምንከፍተው ተነስተን ሄደን ነው። ይህንን ግን እንደ ማስረጃ የቆጠረው ሰው የለም። ያየውን ሁሉ የሚጽፍ፣ ያለፈ ዘመን ነገር ጠይቆ የማይጠግብ፣ ልጆች ሲጣሉ መሐል ገብቶ የሚያስታርቅ ልጅ ሲገኝስ? «ይሄ ልጅ ወሬ ያበዛል» ይባላል።

ይህ የምክር ሥርዓት በቅልጥፍናው ሊመሰገን ይገባዋል። የሰው ልጅ ስንት ዘመን ደክሞ ያከማቸውን እውቀት በአንድ ትንፋሽ ለሁለት ከፍሎ አስቀምጦታል። ጎበዝ ናቹራል፣ ሰነፍ ሶሻል። በቃ። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለሰቃዮቹ። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ለተረፈው። ይህንን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። እንዲያውም ዲግሪ ያለው ሰው ይደናገራል።

ውጤቱን ማየት የሚፈልግ ሁለት ተማሪዎችን ምን እንደሚማሩ ይጠይቅ። አንዱ «ናቹራል» ብሎ ዝም ይላል። ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ግን ይቀጥላል። «ሶሻል ነኝ። ግን ውጤቴ ናቹራል ያስገባኝ ነበር። ፈልጌ ነው።» ጠያቂውም አንገቱን ዘንበል አድርጎ «አይዞህ፣ ዋናው ጤና ነው» ይለዋል። ልጁ እኮ የታመመ ሰው አይደለም፣ ጂኦግራፊ የሚወድ ሰው ነው።

መንግሥትም ቢሆን ከአጎት ምክር ብዙ አልራቀም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚል ፖሊሲ ወጣ። የዚያን ጊዜ አገሪቱ መሐንዲስና የጤና ባለሙያ ያስፈልጋታል የሚል ምክንያት ነበረው። በምክንያቱ መስማማትም መከራከርም ይቻላል። አጎት ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም። እሱ ዘንድ ድሮም መቶ ለዜሮ ነበር።

አሁን ወደ ቤተሰብ ጉባኤ እንግባ። ቡናው ተፈልቷል። ልጅት 10ኛ ክፍልን ጨርሳለች። በኢንግሊዝኛና በታሪክ ከክፍሉ የሚቀድማት የለም። ፊዚክስን በግድ ነው ያለፈችው፤ ያውም ቲዩተር ተቀጥሮላት። ድፍረት አግኝታ «ሕግ መማር እፈልጋለሁ» ትላለች።

«ሕግ?» ትላለች አክስት። «ማንን ልትከሺ?»

«እሺ ጋዜጠኝነት።»

«ልትታሰሪ ነው?»

«ኢኮኖሚክስስ?»

«የኔ እናት፣ የኛን ኢኮኖሚ እያየሽው!» ይላል አጎት። ሁሉም ይስቃል። ልጅትም ትስቃለች፣ ምን ታድርግ። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤት እትዬ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ፋርማሲ ተምሮ የት እንደደረሰ ያወጋሉ። እዚህ ጋ ጉባኤው ያበቃል። ከሦስተኛው ስኒ በፊት ልጅት ናቹራል ገብታለች።

ታዲያ ይህ አጎት ማን ነው? በድሮው ማትሪክ ዘመን፣ ከፍተኛው ውጤት 4 ነጥብ በነበረበት ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ «ለጥቂት» ያመለጠው ሰው ነው። ይህ «ለጥቂት» ስንት እንደነበር በቤተሰቡ ውስጥ በምስጢር የተያዘ ነው። ሶሻል በቤታችን የለም የሚለውም እሱ ነው። ግን ከወንድሞቹ ጋር የውርስ ክርክር ሲነሳ የባዮሎጂ ምሩቅ ፍለጋ አልሄደም። ጠበቃ ያዘ። ግብር ሲመጣበት የሒሳብ ሠራተኛ ለመነ። ብድር ፈልጎ ደጅ የጠናው ባንክ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚለማመጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሶሻል የተማሩ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፣ አጎቴ «ሰነፎቹን» ሲጠብቅ ስንት ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሏል!

የምክሩ ረቂቅነት የሚታየው ግን ልጁ ምክሩን በልቡ ተቀብሎ ሲመጣ ነው። ናቹራል ግባ አሉት፣ ገባ። ወደደው። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ይመጣና «ፊዚክስ ነው ማጥናት የምፈልገው» ይላል።

ቤቱ ጸጥ ይላል።

«ፊዚክስ... ፊዚክስ ብቻውን?»

«አዎ።»

«መምህር ልትሆን?»

ይህቺ «መምህር ልትሆን?» የምትባልበት ድምፅ መርዶ የሚነገርበት ድምፅ ነው። ናቹራልን እንደ ታቦት የሚያከብር ቤተሰብ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለብቻቸው ሲመጡ አያውቃቸውም። ትምህርቶቹ የሚከበሩት የሕክምናና የምሕንድስና በር ጠባቂ ሆነው ነው። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከጠባቂው ጋር ማውራት የፈለገ ልጅ ግራ ያጋባል። እንዲህ ነው ሳይንስ የምንወደው። ሳይንቲስት በቤታችን እንዳይወጣ ግን እንጸልያለን። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ያው አጎት «የዘንድሮ መምህር ምን ያውቃል፣ ልጆቻችንን ገደሉብን» ብሎ ያማርራል። ጎበዝ ልጅ መምህር እንዳይሆን የከለከለውን ሰው እስካሁን አልደረሰበትም።

ሕክምናስ? ሕክምና ጸንቷል። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ አጎቴ ዜናውን ሰምቷል። ከልቡ አዝኗል። «እነዚህ ልጆች ተጎድተዋል» ብሏል። ከዚያ ወደ እህቱ ልጅ ዞሮ «ዶክተር፣ እስኪ ውኃ አምጪልኝ» አላት።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ምክር የሚሰጠው ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ጓደኛም አለ። አምስት ልጆች ደብተር ሳይገልጡ፣ እንዳንለያይ ብለው አንድ ስትሪም ይሞላሉ። ይህ ታማኝነት ያስቀናል። ዩኒት ሊደሩ ሴክሽን ሲደለድል ግን ጓደኝነት የሚል ዓምድ የለውም። መስከረም ላይ አምስቱም አምስት ክፍል ናቸው። የሚገናኙት በእረፍት ሰዓት ነው፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ ሶሻልና ናቹራል አንድ ግቢ ነው የሚውሉት።

የኬሚስትሪ ቲቸር ኃይለኛ ነው ብሎ ሶሻል የሚገባም አለ። ቲቸሩ በዓመቱ ይዛወራል። ልጁ አይዛወርም።

ከሁሉም የምወደው ግን ሒሳብን ሸሽቶ ሶሻል የሚገባውን ነው። «ሶሻል ሒሳብ የለውም» ብሎ የነገረው አንድ የሰፈር ሊቅ አለ። ልጁ በደስታ ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ፕሮግራም ሲለጠፍ ሒሳብ እዚያው ቁጭ ብሏል። 12ኛ ክፍልም ይከተለዋል፣ ብሔራዊ ፈተናው ላይም አለ። ኢኮኖሚክስ ወይም አካውንቲንግ ከደረሰውማ ዩኒቨርሲቲም አብሮት ይገባል፤ ያውም ስታቲስቲክስ የሚባል ዘመድ አስከትሎ። ናቹራል የገባውም ታሪክና ጂኦግራፊን ተገላገልኩ ሲል ፍሬሽማን ላይ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ይጠብቀዋል። የሰፈሩ ሊቅ በዚህ ጊዜ ሌላ ልጅ እያማከረ ነው።

9ኛና 10ኛ ክፍል ሁሉም ልጅ ሁሉንም ትምህርት ይማራል። ሞኝ ሰው ይህ ልጁ ራሱን እንዲያይበት የተሰጠ ሁለት ዓመት ይመስለዋል። የትኛው ትምህርት ላይ ሳይጨናነቅ ጥሩ ያመጣል? የቱን ነው ማንም ሳያዘው የሚያነበው? የትኛው ስትሪም ወደየትኛው ዲፓርትመንት ያደርሳል? ከዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው አግኝቶ ውሎህ እንዴት ነው ብሎ ጠይቋል? ሐሳቡን ቀይሮ በኋላ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ቢል ከሶሻል መንገዱ ዝግ መሆኑንስ ያውቃል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ጊዜ ያባክናል። ትራንስክሪፕቱ ቤት ሲመጣ የሚነበበው ከታች ነው። «ደረጃ ስንት ወጣህ?» ከላይ ያለው የትምህርት ዝርዝር ጌጥ ነው።

አንዳንድ ትምህርት ቤትም በበኩሉ ያግዛል። ፎርሙን ሐሙስ ይሰጣል፣ አርብ ጠዋት ይሰበስባል። ለዝንባሌ ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ በቂ ነው።

ይህ ሁሉ ምክር የት አደረሰን የሚል አጉል ጠያቂ አይጠፋም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲያነሱ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ መምህራን፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ጦርነት አወሩ። በውስጡ የማይወደውን ትምህርት ሁለት ዓመት የሸመደደ ልጅ ስንት እንዳለ የቆጠረ ግን አላየሁም። አጎት መልሱን ወዲያው ነበር ያገኘው። «ስልክ ነው።»

እዚህ ላይ የዚህን አማካሪ ትልቁን ችሎታ ልብ በሉ። ልጁ ካለፈ «እኔ አልነገርኳችሁም?» ይላል። ከወደቀ ስልክ ነው። ሬሚዲያል፣ ማለትም የማለፊያ ነጥብ ያላመጡት የሚገቡበት የማካካሻ ትምህርት፣ ከደረሰው «ትንሽ ቢያተኩር ኖሮ» ነው። ተመርቆ የመውጫ ፈተናው ካስቸገረው የዩኒቨርሲቲው ጥፋት ነው። ተመርቆ ሥራ ካጣ ዘመኑ ነው። በየትኛውም በኩል ቢዞር አጎት ንጹሕ ነው። እንዲህ ዓይነት ዋስትና የሚሰጥ ኢንሹራንስ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ ለሚመለከተው ክፍል አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ። የስትሪም መምረጫው ፎርም ይሻሻል። የአጎት ፊርማ፣ የአክስት ፊርማ፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ፊርማ የሚሰፍርበት ቦታ ይኑረው። ከጎኑም «ምርጫው ካልሠራ ተጠያቂው» የሚል መስመር ይጨመርበት። ከሁሉም በታች፣ ቦታ ከተረፈ፣ ተማሪው ይፈርም። ቅሬታ ያለው ተማሪ ግን አጎቱን በአካል ሄዶ ቢያነጋግር ይሻላል። ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ስልክ አያነሱም።