ሳተላይት የባሕሩን ወለል አያይም

ጋሼ፣ እሑድ ዕድር ላይ «ጃፓኖች የባሕሩን ወለል በጂፒኤስ ሳተላይት በቀጥታ ስለሚያዩ የመሬት መንቀጥቀጡን ቀን ቀድመው ያውቃሉ» ያሉትን ብዙ ሰው ያምነዋል። ግን ስህተት ነው። በታኅሣሥ 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት እዚህ ለገጣፎ ረከቦቴ ላይ ያሉትን ስኒዎች ካንቀጫቀጨ ወዲህ ነገሩ አላስተኛ ብሎኛልና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጂፒኤስ ሬዲዮ ሞገድ ባሕር ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል። ሩቅ የሚሄደው ድምፅ ነው፤ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ወለሉ ላይ ድምፅ ሲደርሳቸው መልሰው የሚጮኹ መሣሪያዎች ያስቀምጣሉ። መርከቧ ከላይ ሆና ትጠራቸዋለች፤ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ትለካና ከዚያ ርቀቱን ታሰላለች። ሳተላይቱ የሚነግረው የመርከቧን ቦታ ብቻ ነው። ትልቁ ፈተና ውኃው ራሱ ነው፦ ሙቀቱና ጨዋማነቱ በተለወጠ ቁጥር የድምፁም ፍጥነት ይለወጣል። የሚፈለገው ደግሞ የሴንቲሜትር ልዩነት! ለዓመታት ደጋግመው የሚለኩት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን በደረሰው የቶሆኩ መንቀጥቀጥ በዚሁ ዘዴ የተለካ አንድ የባሕር ወለል ቦታ 24 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ተገኝቷል። ከእኔ በር ተነስቶ የእርስዎን ግቢ አልፎ መሄድ ማለት ነው።

ልኬቱ የመሬት ቅርፊቶች የት ተቆላልፈው ጫና እንደሚያከማቹ ያሳያል። ቀኑን ግን አይናገርም፤ እስካሁን ቀኑን መናገር የቻለ የለም። እባክዎ በሚቀጥለው ዕድር ይህን ለሰዉ ያስተካክሉልኝ፤ ልጆቹም ሰምተውዎት ነበር።