ዘፋኙ በቀኝ፣ ባንዱ በግራ

ክርክሩን ያስነሳው ለሁለት የተካፈሉት አንድ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ወጣቱ የግራውን ለጓደኛው ሰጥቶ የእንግሊዙን ባንድ የቢትልስን «ሩበር ሶል» የተባለ አልበም ከፈተ። ጓደኛው ጊታርና ድራም ሰማ፤ ዘፋኙ ግን የለም ማለት ይቻላል።

«ይሄ ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም። ያኔ ስቴሪዮ፣ ግራና ቀኙ የየራሱን ድምፅ የሚያሰማበት አቀራረብ፣ አዲስ ስለነበር እየሞከሩበት ነው» አለ ወጣቱ።

ብዙ ዘመን ሚክሰር ላይ የሠሩት ታላቃቸው ይህን ሲሰሙ ጣልቃ ገቡ። «ሙከራ ሳይሆን የትራክ፣ ማለትም ቴፑ ላይ ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳበት ቦታ፣ እጥረት ነው፣ ልጄ። እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያ አልበማቸው ለንደን፣ ኢኤምአይ ስቱዲዮ ሲቀዳ ቴፑ ሁለት ትራክ ብቻ ነበረው። አንዱ ላይ መሣሪያው፣ ሌላው ላይ ድምፃቸው። ይህም ለስቴሪዮ ተብሎ አይደለም፤ በኋላ ሁለቱን ወደ ሞኖ፣ ግራና ቀኝ ወደሌለው አንድ ድምፅ፣ ሲቀላቅሉ ዘፋኙን ከባንዱ ጋር ለመመጠን እንዲመቻቸው ነው። ስቴሪዮ ሸክላ ሲፈለግ አንዱ ትራክ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ተቀመጠ። በዘፋኙ በኩል ድራሙ ከሩቅ የሚሰማህም በአንድ ክፍል አብረው ሲጫወቱ ማይኩ ውስጥ ስለገባ ነው።»

«ጋሼ፣ እንደሱ እንዳይሉ፤ ‘ሩበር ሶል’ የ1965 ነው። አራት ትራክ ነበራቸው።»

«ነበራቸው፤ ግን ይሞላል። ድራም፣ ቤዝና ጊታር አንድ ትራክ ላይ አብረው ከተቀዱ ድራሙን ብቻ ልታንቀሳቅስ አትችልም፤ ሁሉም ይከተሉታል። በዚያ ላይ የሞኖ ጣጣ አለ። ብዙው ሰው የሚያደምጠው አንድ ስፒከር ባለው ማጫወቻ ነበር። መሃል ያስቀመጥከው ድምፅ ከሁለቱም ቻናል፣ ከግራውም ከቀኙም፣ ስለሚወጣ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ያይላል። ፓኑ፣ ድምፁን ግራ፣ መሃል ወይም ቀኝ የሚያደርገው ቁልፍ፣ መሃል ላይ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) የሚቀንስ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ሞኖ ላይ መሃል ያለው ዘፋኝ ዳር ካለው ጊታር አንፃር በ3 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ሁሉንም ዳርና ዳር ካደረግከው ግን ሚዛኑ ሳይናጋ ይደመራል።»

«ታዲያ ቤዙ አንድ ዳር ሲሆን ሸክላው ላይ መርፌው አይዘልም?» አለ ጓደኛው።

«ሊዘል ይችላል። ሁለቱም ቻናል ላይ እኩል ያለ ድምፅ መርፌውን ወደ ጎን ብቻ ያወዛውዘዋል። አንድ ቻናል ላይ ብቻ ያለው ግን ወደ ላይና ወደ ታችም ያንቀሳቅሰዋል። ቤዙ ከበረታ ሸክላው ላይ የተቀረጸው መስመር ቦታ ቦታ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፣ መርፌው ይወጣል። ኋላ ላይ ቤዝና ኪክ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) መሃል የተተከሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።»

ወጣቱ ግን አልተረታም። «እሺ፣ በ1967 ‘ኤ ደይ ኢን ዘ ላይፍ’ በተባለው ዘፈናቸው ላይ የዘፋኛቸው የሌነን ድምፅ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይሻገራል። ይሄም እጥረት ነው?»

«እሱስ ታስቦበት የተሠራ ነው» አሉ ታላቁ። «ድምፁ ከባንዱ ተለይቶ ስለተያዘ ማሻገር ተቻለ። ቁልፉን የሚያዞረው ግን የሰው እጅ ስለሆነ ስህተቱም ይሰማል። ‘ኤሊነር ሪግቢ’ በተባለው ዘፈን ላይ የመጀመሪያው ስንኝ ሲገባ የሌላው ዘፋኛቸው የማካርትኒ ድምፅ ለአፍታ በሁለቱም በኩል ይቆይና ከዚያ በቀኝ ብቻ ይቀራል።»

እኔ በ1963ቱ ሥራ ከታላቁ ጋር ነኝ፦ ያንን አልበም ማድመጥ የሚገባው በሞኖ ነው፤ ሚዛኑ የተሰላው ለዚያ ነውና። የ1967ቱ ላይ ደግሞ ወጣቱ ልክ ነው፤ የሌነን ድምፅ መሻገሩን ካጣ ዘፈኑ አንድ ነገር ይጎድለዋል። «ሩበር ሶል» በሁለቱ መካከል ያለ ነው። የቢትልስ ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲን ራሱ በ1987 ለወጣው ሲዲ እንደገና ቀላቅሎ ዳርና ዳሩን አቀራርቦታል፤ እኔ ግን የድሮውን አልጥልም። ጆሮ የሚያደክመው በማዳመጫ ሲሰማ ነው። በስፒከር የግራው ድምፅ ቀኝ ጆሮም ይደርሳል፣ ሩብ ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ፣ ቀጭን ድምፁም ተቀንሶ። ማዳመጫ ይህን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ማጫወቻው ላይ ክሮስፊድ የሚባለውን፣ የአንዱን ጆሮ ድምፅ በጥቂቱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን፣ ይክፈቱ፤ መቁረጫውን (ከዚያ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ እየተቀነሰ የሚሻገርበትን ነጥብ) 700 ኸርዝ፣ መጠኑን 6 ዴሲቤል ላይ አድርገው ይጀምሩ። ዘፋኙ አሁንም በቀኝ ነው፤ የግራው ጆሮ ግን ባዶ አይቀርም።